ንቀን የተውነው መተንፈሻ

የሶማሌ ተራ ወንድሞቼ፣ ዕድሜያችንን በመኪና ሥር ተንጋለን፣ ዝገት እየፋቅንና ቀለም እየረጨን ያሳለፍን ሰዎች ነንና የሞተር መተንፈሻ ተደፈነ ሲባል ሥራ ትተን እንነሳለን፤ የራሳችን ሲደፈን ግን ሳይነስ ነው፣ ያልፋል ብለን እንተኛለን። ብዙ አይቻለሁና ይህ ንቀት ያስፈራኛል።

በፊታችን አጥንት ውስጥ ሳይነስ የሚባሉ፣ አየር የሞላባቸው አራት ጥንድ ክፍተቶች አሉ፦ በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዓይኖች መካከል፣ ከአፍንጫም ወዲያ በራስ ቅል ሥር። ግድግዳቸው ቀጭን ንፍጥ ያመነጫል፤ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ደግሞ ንፍጡን ከያዘው አቧራ ጋር እየገፉ ወደ አፍንጫ ያወጡታል፤ ከዚያ በጉሮሮ ወርዶ ሳናውቀው እንውጠዋለን። የግንባሩ፣ የጉንጩና በዓይኖች መካከል ያሉት የፊተኞቹ ክፍተቶች የሚፈስሱት በአፍንጫ ጎን ወዳለ አንድ ጠባብ ስፍራ ነውና እርሱ ሲያብጥ ሁሉም አብረው ይታፈናሉ።

የጉንጩ ነገር ከሁሉ ይከፋል። የነዳጅ ታንከር ማፍሰሻው ከሥሩ ነው፤ የጉንጩ ክፍተት መውጫ ግን ከላይ፣ ከዓይን ወለል አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ሰው ቆሞ ሳለ ንፍጡን ሽቅብ የሚያወጡት እነዚያ ደካማ ፀጉሮች ብቻ ናቸው። እነርሱን ደግሞ እኛ በሲጋራ ጭስ እናደክማቸዋለን፣ ያለ መሸፈኛ በምንስበው የቀለም ብናኝና የብረት ትቢያ እናስጨንቃቸዋለን። የማይወጣ ንፍጥ ይወፍራል፣ ይቆያል፣ በመጨረሻም መግል ሊሆን ይችላል።

መግል ደግሞ ሁልጊዜ በተሰጠው ቤት አይወሰንም። በዓይንና በጎረቤቱ ክፍተት መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው፤ ከግንባሩ ክፍተት ጀርባ ያለው አንጎል ነው፤ የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥሮችም ከጉንጩ ክፍተት ወለል ጋር ተጠግተው ስለሚኖሩ ችላ የተባለ የበሰበሰ ጥርስ ከታች ወደ ላይ መርዙን ይልካል።

እኛ ግን አፍንጫችንን የሚደፍነው ጉንፋን በያዘን ቁጥር አሞክሳሲሊን ገዝተን እንውጣለን፤ አብዛኛው ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነውና መድኃኒቱ አይነካውም፣ ባክቴሪያዎችን ግን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምዳል። አፍንጫ የሚከፍተውንም ጠብታ ለሳምንታት ስናንጠባጥብ እብጠቱ ብሶ ይመለሳል።

ገና ጊዜ አለን። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ፣ ሲጋራውን ተዉ፣ ጥርሳችሁን ለሐኪም አሳዩ፤ ሕመሙ ከአሥር ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎ ከነበረ በኋላ ከባሰ፣ ሐኪም ይየው። ዓይን ዙሪያው ካበጠ፣ አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ከትኩሳት ጋር ራስን የሚፈልጥ ሕመም ከመጣ ወይም የታመመው ሰው መቀባዠር ከጀመረ ግን ገበያው እስኪያልፍ አትጠብቁ፤ ሥራውን ለረዳቱ ትታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።