ጤናችን፦ ኮምፒውተር ዓይን ያጠፋል ወይ?

 

በዚህ ዓምድ ስለ ወባ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ውሃ ንጽሕና ብዙ ተባብለናል። የዛሬው ጉዳይ ለየት ይላል። ካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም ስለ ኮምፒውተር የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። አሁን ግን ከመካከላችን ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ የሚውል አለ። ማመልከቻ በክፍያ የሚተይብ፣ የኮምፒውተር ኮርስ የሚከታተል፣ በኢንተርኔት የትርጉም ሥራ እየለቀመ የሚሠራም አለ። ራሽን በሚቀንስበት ጊዜ እንዲህ ያለችው ሥራ ለዘይትና ለስኳር መግዣ ትሆናለች።

ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች አፍ የማይጠፋው ቃል «ዓይኔ አለቀ» የሚለው ነው። ወደ ማታ ላይ ዓይን ያቃጥላል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ግንባርና ማጅራት ይወጋል። አንዳንዱ «ኮምፒውተሩ ሊያሳውረኝ ነው» ብሎ ኮርሱን እስከ ማቋረጥ ይደርሳል። ይህ ያሳዝናል። ምክንያቱም ኮምፒውተር ፊት ብዙ መቀመጥ የአዋቂን ሰው ዓይን አያሳውርም። ያደክማል፣ ያደርቃል፤ ለሁለቱም መላ አላቸው።

መጀመሪያ ድርቀቱን እንመልከት። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ቡና እየጠጣ ሲጨዋወት በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ካፈጠጠ ግን ይህ ወደ 5 ወይም 7 ጊዜ ይወርዳል፤ ያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሽፋሽፍቱ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ዓይናችን ላይ ያለው እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከላይ ስስ ቅባት አለው፣ ያ ቅባት ውሃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ቅባቱ የሚዳረሰው ደግሞ ዓይናችንን በከደንን ቁጥር ነው። ካልከደንን ይደርቃል። በዚህ ላይ የቱርካናን ንፋስና አቧራ ጨምሩበት፤ ፊት ለፊት የሚነፋ ቬንትሌተር ካለማ አለቀ።

አንዳንድ ሰው «እንዴት ደረቀ ትላላችሁ? የኔ ዓይን እንደውም እንባው እየፈሰሰ አስቸግሮኛል» ይላል። እሱም የድርቀት ምልክት ሊሆን ይችላል። ዓይን ሲደርቅና ሲቆጣ በአንድ ጊዜ ብዙ እንባ ያፈሳል፤ ያ እንባ ግን ውሃው ስለሚበዛ ወርዶ ይሄዳል እንጂ ዓይን ላይ አይቆይም።

መላው ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ገጽ ተይባችሁ በጨረሳችሁ ቁጥር ዓይናችሁን ቀስ አድርጋችሁ ግጥም፣ ከዚያ ከፈት፤ እንዲህ አሥር ጊዜ አድርጉ። ቬንትሌተሩን ወደ እግር አዙሩት። ስክሪኑ ከዓይናችሁ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ወደ ታች ስናይ ሽፋሽፍታችን ወረድ ስለሚል ለንፋስ የሚጋለጠው የዓይናችን ክፍል ያንሳል። ማታ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ በተከደነ ዓይናችሁ ላይ አምስት ደቂቃ ብታቆዩት የቅባቱን ቀዳዳዎች ይከፍታል። ጨርቁ ግን የየራስ ይሁን። ትራኮማ በእጅ፣ በዝንብና በጨርቅ እንደሚተላለፍ አትርሱ፤ የምንኖርበት አካባቢ ደግሞ ትራኮማ የሚገኝበት ነው።

ሁለተኛው ድካሙ ነው። ቅርብ ነገር ለማየት በዓይናችን ውስጥ ያለች ትንሽ ጡንቻ መኮማተር አለባት። አራት ሰዓት ሙሉ ስክሪን ስናይ እሷም አራት ሰዓት ሙሉ እንደተኮማተረች ትቆያለች። ባልዲ ውሃ ከቦኖ እስከ ቤት ሳያወርዱ መሸከም ማለት ነው። የዓይን ባለሙያዎች «ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ» የሚሉት ዘዴ አላቸው። በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ ማለትም ስድስት ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ነገር፣ ለ20 ሴኮንድ ማየት ነው። እኛ ጋ ይህ ቀላል ነው። በር ላይ ወጣ ብሎ ከሜዳው ማዶ ያለውን ግራር እያዩ ቀስ ብሎ እስከ ሃያ መቁጠር ነው። እግረ መንገዳችሁንም ወገባችሁን ታፍታታላችሁ።

አቀማመጥንም በተመለከተ፣ ስክሪኑ ከአንድ ክንድ ራቅ ይበል፤ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የቆርቆሮ ቤት በር ሲከፈት የሚገባው ብርሃን ኃይለኛ ስለሆነ በሩን ከፊታችሁም ከኋላችሁም አታድርጉት፤ ወደ ጎናችሁ ይሁን። ማታ ደግሞ መብራት አጥፍቶ በጨለማ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ዓይንን ያደክማል፤ ትንሽ የሶላር መብራት ጎን ለጎን ብትኖር ይረዳል።

አማርኛ የምትተይቡ ሰዎች ፊደሉን አሳድጉት። በእንግሊዝኛ 11 ቁጥር ይበቃ ይሆናል። የኛ ፊደል ግን «በ»ንና «ቡ»ን፣ «ለ»ንና «ሉ»ን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ስትተይቡ በ16 አድርጉት፣ ስታትሙ ትመልሱታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዕድሜያችሁ 40 ከሆነ ወይም ካለፈ ከላይ የተባለውን ሁሉ አድርጋችሁ ፊደሉ አሁንም ሊደበዝዝባችሁ ይችላል። በማንኛውም ሰው ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርቡን ማየት ያስቸግራል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ገበሬም ይደርስበታል። በኮርስ ቦታ ወጣቱ አስተማሪ «ጋሼ፣ ራቅ ብለው ሲያዩት ይሻልዎታል?» ሲል፣ ትልቁ ሰውዬ «ዓይኔስ ደህና ነው ልጄ፣ እጄ ነው ያጠረኝ» ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱ እውነት አለው። ጽሑፉን እያራቁ ማንበብ የጀመረ ሰው የሚያስፈልገው የንባብ መነጽር ነው።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናት፣ በህንድ አሳም ግዛት ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ መነጽር ተሰጣቸው። በቀን የሚለቅሙት፣ መነጽር ካላገኙት ጓደኞቻቸው ጋር ሲነጻጸር 22 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ መነጽር ያገኙ ሰዎች ገቢ ከስምንት ወር በኋላ በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የሻይ ቅጠል ለመልቀም ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ለሚተይብ ሰውማ አስቡት።

በኛ ዘንድ ግን መነጽር ማድረግ እርጅናን ማመን ይመስላል። «ከለመደ አይለቅም» የሚሉም አሉ። መነጽር ዓይንን አያሰንፍም፤ አደረጋችሁትም ተዋችሁትም ሌንሱ በዕድሜው መጠንከሩን አይተውም። ከተቻለ ተለክቶ መውሰዱ ይሻላል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውም «ፕላስ» ዓይነት ቢሆን ዓይን አይጎዳም፤ ልኩ ካልሆነ ራስ ምታት ያመጣ ይሆናል እንጂ። ስትገዙ ስክሪኑ በሚቆምበት ርቀት ላይ ጽሑፍ ይዛችሁ ሞክሩት፣ በግልጽ ከሚያሳዩአችሁ ውስጥ ትንሹን ቁጥር ምረጡ። «የኮምፒውተር ጨረር ይከላከላል» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ሰማያዊ መነጽር ግን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2023 የ17 ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ ግምገማ፣ ቢያንስ በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ከተራው መነጽር በበለጠ እንደማይቀንስ አመልክቷል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጠብታው ነው። ዓይናችን ሲቀላ ከሱቅ ጠብታ ገዝተን እናደርጋለን፤ በማግስቱ ይነጣል፣ ደስ ይለናል፣ ለጎረቤትም እናውሳለን። ከእነዚህ ጠብታዎች አንዳንዶቹ ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት አለባቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ሲወሰድ በዓይን ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ሊያደርግና ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ የዓይን ሞራም ያስከትላል። በግላኮማ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። እንግዲህ ኮምፒውተር የማያደርገውን ጠብታው ያደርገዋል ማለት ነው። ብልቃጡ ላይ ያለውን ስም ለክሊኒክ ሠራተኛ አሳዩ። የእናት ጡት ወተትና የቅጠል ጭማቂም ወደ ዓይን አይግባ።

ዓይን በድንገት ከጨለመ፣ መጋረጃ የተጋረደበት ከመሰለ፣ የመብረቅ ብልጭታ የሚመስል ነገር ከታየ ወይም መቅላቱ ከኃይለኛ ሕመምና ከማስታወክ ጋር ከመጣ ይህ የድካም ምልክት አይደለም። ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱ። ልጃችሁም ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጠብ ከሆነ አትቆጡት፣ አስመርምሩት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።