የሞተር ብሎን በዓይን አይገዛም፦ የመለዋወጫ ገበያ በደማምና በኾበር

በሐምሌና በነሐሴ ወራት በደማምና በኾበር የቀኑ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ በደማም ኹደሪያና በኾበር ሱቅባ ያሉት ጋራዦች ውኃ አፍልተው የቆሙ ተሽከርካሪዎችን ይቀበላሉ። ሞተር ከልክ በላይ ሲግል የሲሊንደሩ ክዳን፣ በተለምዶ አጠራር ቴስታታው፣ ሊጣመም፣ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮንም ሊቃጠል ይችላል። ቴስታታው ተስተካክሎ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚነሣው ጥያቄ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹን ድርሻ የሚይዝ ነው፦ የቀድሞዎቹ ብሎኖች ይመለሱ ወይስ አዲስ ይገዛ? አዲስ ከሆነስ የትኛው? ዕቃውን ገዝቶ እንዲያመጣ የሚላከው ብዙ ጊዜ የቤት ሾፌሩ ወይም የጭነት ሠራተኛው ነው። በመሆኑም ውሳኔው የሚወድቀው በመካኒኩ ላይ ሳይሆን በሱቁ ባንኮኒ ፊት በቆመው ሰው ላይ ይሆናል።

የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ብሎን ዝም ብሎ የሚጠብቅ ብረት አይደለም። መጀመሪያ በተወሰነ ኃይል ይጠብቃል፤ ከዚያ እንደ ሞተሩ ዓይነት 90 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ 90 ዲግሪ ተጨማሪ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ብረቱ ይሳባል፤ ቴስታታውን ይዞ የሚቆየውም እንደ ተወጠረ ሞላ ሆኖ ነው። ከተፈታ በኋላ ግን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። አንዳንድ አምራቾች በአዲስ እንዲተካ የሚያዙት፣ ሌሎቹም በካሊፐር ተለክቶ ከተወሰነው ርዝመት ካለፈ እንዲጣል የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። ከተሽሊሕ፣ ማለትም ከአሮጌ መኪና ማራገፊያ፣ የተገኘ ብሎን የቱንም ያህል ንጹሕ ቢመስል ቀደም ሲል የተሳበ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱም በጋራዡ በር ላይ አይታይም። የሚታየው ወደ ሪያድ በሚወስደው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ ላይ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው።

ሁለተኛው አሳሳች ነገር መልክ ነው። ውፍረታቸው 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ብሎኖች አንዱ በጥርሶቹ መካከል 1.25፣ ሌላው 1.5 ሚሊ ሜትር ርቀት ሊኖረው ይችላል። ያልተስማማው ብሎን አንድ ሁለት ዙር ገብቶ ይቆማል፤ በቁልፍ ከተገፋ ደግሞ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ቆርጦ ይገባል። በኢንች የተሠራው ባለ 5/16 ብሎንም ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከ8 ሚሊ ሜትሩ በዓይን አይለይም።

በብሎኑ ራስ ላይ የተመታው ቁጥርም ትርጉም አለው። 8.8 ሲል የመጀመሪያው አኃዝ ብረቱ እስኪበጠስ 800 ሜጋፓስካል ገደማ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዘለቄታው መሳብ የሚጀምረው በዚያ መጠን 80 በመቶ ላይ መሆኑን ይገልጻል። 10.9 እና 12.9 በዚሁ ስሌት ይነበባሉ። ይሁን እንጂ «ትልቁ ቁጥር ይሻላል» የሚለው የሱቅ ምክር ትክክል አይደለም፤ የማጥበቂያው ልክ የተሰላው ለአንድ የታወቀ ብሎን ነውና። በባሕር ዳርቻዋ ኾበር ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ጨዋማው እርጥበት ዝገትን ስለሚያፋጥን የማይዝግ ብረት ብሎን የተሻለ ይመስላል። ሆኖም በብዛት የሚሸጠው ኤ2-70 የተባለው ዓይነት ከ8.8 የደከመ ነው፤ ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካም የአሉሚኒየሙን መበላት ያባብሳል። ለታርጋ ማሰሪያ ይሆናል፤ ለሞተር ግን አይሆንም።

አዲስ ብሎን ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ከ2002 እስከ 2006 በተሠሩት ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ላይ የታወቀው ችግር የብሎኑ ሳይሆን የሞኖብሎኩ ነበር። ብሎኑ የሚገባበት የአሉሚኒየም ጥርስ ይነቀላል፤ ቴስታታውም ይላላል። መፍትሔው ቀዳዳውን ከፍቶ የብረት ጥርስ መትከል ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ብሎን ከመግዛቱ በፊት ቀዳዳዎቹ መመርመራቸውን ሊያረጋግጥ ይገባል፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። የኢትዮጵያ መካኒክ ቃላት፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ቴስታታ፣ ከጣሊያንኛ የመጡ በመሆናቸው በደማም ሱቅ አያግባቡም። እዚህ ብሎኑ «ሚስማር» ወይም «ቡርጊ»፣ ዳዶው «ሳሙላ» ነው። ይበልጥ የሚያስከፍለው ግን የጥራት ስያሜው ነው። «ወካላ» ማለት ከአምራቹ ሕጋዊ ወኪል የመጣ ማለት ነው። «አስሊ» ትክክለኛ ማለት ቢሆንም ሻጩ እንደ ፈቀደ የሚዘረጋው ቃል ነው። «ቲጃሪ» በሌላ ፋብሪካ የተሠራ ምትክ ነው፤ ጥሩም መጥፎም ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ ሐሰተኛ አይደለም። «ተቅሊድ» ግን አስመስሎ የተሠራ ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚሻለው በኢስቲማራው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር አሳይቶ ሻጩ የመለዋወጫውን ቁጥር እንዲያወጣ መጠየቅ ነው።

የተመታ ምልክት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ዓለም በውድ ዋጋ ተምሮታል። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የከፍተኛ ደረጃ ምልክት የያዙ፣ ነገር ግን በሙቀት የሚደክም ርካሽ ብረት ብሎኖች መሠራጨታቸው በምክር ቤት ምርመራ ከተጋለጠ በኋላ፣ በ1990 የብሎንና የማያያዣዎች ጥራት ሕግ ወጥቷል። በሳዑዲ ዓረቢያም በ2008 የወጣው የፀረ ንግድ ማጭበርበር ሕግ እስከ 3 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጫ ይደነግጋል። ጥቆማ በንግድ ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 1900 ወይም «በላግ ቲጃሪ» በተባለው መተግበሪያ ይቀርባል።

አቤቱታው ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ከዲሴምበር 4 ቀን 2021 ጀምሮ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ነጋዴዎች ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ለተራ ሸማች የሚሰጠውም ኪው አር ኮድ ሊኖረው ይገባል። «ደረሰኝ ካልፈለግህ ይቀንስልሃል» የሚለው ግብዣ የሚጎዳው በመጀመሪያ የተላከውን ሠራተኛ ነው። ሞተሩ ዳግም ሲበላሽ ጋራዡ በዕቃው፣ ሱቁ በመካኒኩ ያመካኛል፤ ባለመኪናው ደግሞ የሚጠይቀው ገንዘቡን ይዞ የሄደውን ሰው ነው። የመለዋወጫው ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ፣ የተፈቱት አሮጌ ብሎኖችም በከረጢት ተደርገው እንዲመለሱ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።