በኢንቦክስ የሚደበቅ ዋጋ

ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ ቻይና ጎዳና ዳር ያለ ባለሱቅ ዘይት ላይ ዋጋ ሲቆልል ቢያንስ ይታያል። ደንበኛ ያማርራል፣ ወሬው ሰፈር ውስጥ ይዳረሳል፣ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ መጥቶ በሩን ያሽጋል። በቴሌግራም የሚነግደው ግን የሚታሸግ በር የለውም። የዕቃውን ፎቶ ይለጥፋል፣ «ውስን ፍሬ ነው የቀረን» ይላል፣ «ያሉበት እናደርሳለን» ብሎ ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ዋጋ ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «በኢንቦክስ»።

ዘመኑ ደህና ሲሆን ይህ ልማድ ቢያናድድ እንጂ ብዙ አይጎዳም። ጫማ የፈለገ ሰው አንዱ ካላማረው ሌላውን ይጠይቃል። የመድኃኒት ወይም የሕፃን ወተት እጥረት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻጩ ከእያንዳንዱ ገዢ ጋር ለብቻው ስለሚነጋገር፣ ለተረጋጋው አንድ ዋጋ፣ ልጁ ለታመመበት ሌላ ዋጋ መጥራት ይችላል። ማንም ከማንም ጋር አያወዳድርም። ዘረፋውም ምስክር አይኖረውም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ እንደተነገረ በአዲስ አበባ የሆነው አይረሳም። የጭምብል ዋጋ ናረ፣ ሳኒታይዘር ከመድኃኒት ቤቶች ጠፋ፣ ይፈውሳሉ የተባሉት ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንኳ ተወደዱ። መንግሥት ሱቆችን ማሸግ ጀመረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግና የዘይት ዋጋ ሲያሻቅብም የተወሰደው እርምጃ ያው ማሸግ ነበር። ማሸጉ ጥፋተኛውን ሊቀጣ ይችላል፤ በስልክ የሚካሄደውን ሽያጭ ግን አይነካውም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ ማከማቸትና መደበቅን ይከለክላል፣ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍም ያስገድዳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና ዋጋውን ለገዢው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። የጎደለው ሁለቱን አገናኝቶ «እጥረት በታወጀ ጊዜ በስልክ የሚሸጥ ሰው ምን ያድርግ?» የሚለውን የሚመልስ መመሪያ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት መንገድ ያሳያል። አንደኛው መከልከል ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ በአሜሪካ ጭምብልና ሳኒታይዘር እንዳይሸጥበት አገደ። አማዞን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ማስታወቂያዎችን አንሥቶ በአሜሪካ ብቻ ከ3,900 በላይ የሻጮች አካውንቶችን ዘጋ። በዚያው ሰሞን ሁለት የቴነሲ ወንድማማቾች ከየሱቁ ዞረው የሰበሰቡት 17,700 ጠርሙስ ሳኒታይዘር መሸጫ አጥቶ ቤታቸው ተከምሮ ቀረ፤ በመጨረሻ በነፃ ሰጡት። ሁለተኛው መንገድ የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፦ የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላ ከ10 በመቶ በላይ መጨመር ወንጀል ይሆናል፤ ሻጩ ወጪው መጨመሩን ካሳየ ግን ይፈቀድለታል።

ለአዲስ አበባ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። አማዞን ማስታወቂያ ሲያነሣ ገዢው የሚሄድበት ሱፐርማርኬት ነበረው። እዚህ ግን ከመድኃኒት ቤት ያጣውን ዕቃ የሚያፈላልግ ሰው ብዙ ጊዜ የመጨረሻ ተስፋው ያው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ያ ቢዘጋ ዕቃው ወደ ባሰ ጨለማ ይገባል። ከዱባይ በሻንጣ በውድ ያመጣ ሻጭም አለ፤ ደረሰኙን አሳይቶ ትርፉን ይጨምር፣ ሰውም ዕቃውን ያግኝ። ሊፈቀድለት የማይገባው ዋጋውን መደበቅ ነው።

እዚህ ላይ ወሎ ሰፈር ስሙን የሚጋራት ወሎ የምታስተምረው አለ። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ሰው ሲያልቅ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ እንደነበር የምጣኔ ሀብት ምሁሩ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። ገበሬው እህል የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ፍላጎቱ በገበያው ዋጋ ላይ አልታየም። ስለዚህ ዋጋን መግራት ብቻ አይበቃም፣ የድርሻ ገደብም ያስፈልጋል፦ ለአንድ ገዢ ይህን ያህል ብቻ። በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል በተመጣጣኝ ዋጋ የሚከፋፈለው ስኳርና ዘይትም ተመልሶ በኢንተርኔት እንዳይቸበቸብ መጠበቅ አለበት። ስማርት ስልክ የሌላት እናት ሌላ መግዣ የላትም።

ቴሌግራምን አዲስ አበባ ላይ ማስገደድ ከባድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ሻጩ ግን እዚሁ ነው። ክፍያ የሚቀበለው በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብ ነው፣ ዕቃውን የሚያደርስለት የከተማው ሞተረኛ ነው። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገበያው ሳይታመስ፣ አሁኑኑ መመሪያውን ያውጣ። እጥረት በታወጀባቸው ዕቃዎች ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሁሉ የንግድ ፈቃድ ቁጥሩንና የአንዱን ዋጋ እዚያው ፎቶው ሥር ይጻፍ። ከመደበኛው አብልጦ ከጠየቀ የገዛበትን ደረሰኝ ያቅርብ። ሸማቹም የማስታወቂያውን ምስልና የከፈለበትን ማረጋገጫ ይዞ አቤት የሚልበት፣ መልሱም በቀናት ውስጥ የሚሰጥበት አንድ መስኮት ይከፈት። መድኃኒት ግን ፈቃድ ባለው መድኃኒት ቤት ስም ካልሆነ በጭራሽ አይለጠፍ፤ እዚያ ላይ ከዋጋው በፊት የሚመጣው የሰው ሕይወት ነው።