አረጋውያን ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመለሱ፦ የከፍተኛ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ሚና

በሆስፒታል ለሳምንታት የተኙ አረጋዊ «ድነዋል፤ ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ» ሲባሉ ለቤተሰቡ ታላቅ የምሥራች ነው። ይሁንና ከደስታው ጋር ተያይዘው የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት እንዴት ይሄዳሉ? ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ? ልጆች ወደ ሥራ ሲሄዱ ቀኑን ብቻቸውን መዋል ይችላሉ? ሕመሙ መታከሙና ታካሚው ወደ ቀድሞ ኑሯቸው መመለሳቸው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ከሚያገለግሉት ሙያዎች አንዱ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ነው።

ጉዳዩ ለምን ትኩረት አገኘ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ዕድሜው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ ጤናማ የእርጅና ዘመን ዐሥርት ብሎ ሰይሟል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 የተካሄደው 76ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ ደግሞ አገሮች የተሃድሶ ሕክምናን በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያጠናክሩ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል።

በአገራችንም ጉዳዩ የሕግ መሠረት አለው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። ስለዚህ አረጋውያን ከሕመም በኋላ ራሳቸውን እንዲችሉ መርዳት በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የሚተው ተግባር አይደለም።

ባለሙያው ምን ይሠራል?

ብዙ ተገልጋዮች ኦኩፔሽናል ቴራፒን ከፊዚዮቴራፒ ጋር አንድ አድርገው ይመለከቱታል። ሁለቱ ተደጋጋፊ ቢሆኑም ትኩረታቸው ይለያያል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው በዋናነት የጡንቻን ጥንካሬ፣ የመገጣጠሚያን እንቅስቃሴና አረማመድን ያሻሽላል። የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያው ደግሞ ታካሚው ባለው አቅም መታጠብ፣ መልበስ፣ መመገብ፣ ምግብ ማብሰል፣ ወደ ጸሎት ቤትና ወደ ዕድር መሄድ እንዲችል ያደርጋል። በዚህ ሙያ «ኦኩፔሽን» የሚለው ቃል ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራን ብቻ ሳይሆን የሰውን ቀን የሚሞላውን ተግባር ሁሉ ያመለክታል።

በአረጋውያን የተሃድሶ ክፍል የሚሠራ ከፍተኛ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከጥያቄ ነው፤ ታካሚው ከመታመማቸው በፊት ቀናቸውን እንዴት ያሳልፉ ነበር? ቀጥሎ አቅማቸውን ይመዝናል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው «ባርተል ኢንዴክስ» የተሰኘው መለኪያ በብዙ አገሮች ያገለግላል፤ መመገብን፣ መታጠብን፣ መልበስን፣ መጸዳጃ መጠቀምን፣ ደረጃ መውጣትንና የመሳሰሉትን 10 ተግባራት ይመዝናል።

ለምሳሌ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ72 ዓመት እናት እንውሰድ። በሆስፒታሉ ለስላሳ ወለል ላይ በመራመጃ እየታገዙ ጥሩ ይራመዳሉ። ቤታቸው ግን መጸዳጃው ከግቢው ጥግ የሚገኝ፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት ነው። ቡና የሚያፈሉት በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው ነው። ሐኪማቸው ዳሌያቸውን አብዝተው እንዳያጥፉ አዝዞ ከሆነ ሁለቱም ተግባራት ለአደጋ ያጋልጧቸዋል። ባለሙያው ይህን የሚያውቀው ሲጠይቅ ወይም ቤቱን ሲያይ ነው። መፍትሔውም ብዙ ጊዜ ውድ አይደለም፤ በመጸዳጃው ላይ የሚቀመጥ መሐሉ ክፍት የሆነ ጠንካራ ወንበር፣ በግድግዳው ላይ የተተከለ መያዣ፣ በመንገዱ ላይ መብራት፣ ምድጃውንና ረከቦቱን ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ። እኚህ እናት ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው ቡና ማፍላታቸውን ከቀጠሉ የተመለሰላቸው ጉልበት ብቻ ሳይሆን በቤታቸው የነበራቸው ቦታ ጭምር ነው።

የከፍተኛ ባለሙያው ድርሻ በዚህ አያበቃም። ስትሮክ፣ የመርሳት ችግርና ስብራት የተደራረቡባቸውን ታካሚዎች ይከታተላል፤ ጀማሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር ተቀምጦ ታካሚው የሚወጡበትን ቀን ይመክራል። አልጋው ለሌላ ሕመምተኛ በሚፈለግበት ሰዓት «እኚህ አረጋዊ ዛሬ ቢወጡ ነገ ወድቀው ይመለሳሉ» ብሎ በማስረጃ መናገር የእርሱ ኃላፊነት ነው።

አክብሮትና ዕረፍት

በኅብረተሰባችን አረጋዊን «እርስዎ ይረፉ፤ እኛ እንሠራለን» ማለት የአክብሮት መግለጫ ነው። ይህ መልካም ባህል ሊጠበቅ ይገባል። ሆኖም ረዥም ጊዜ ተኝቶ መቆየት የአረጋውያንን ጡንቻ በፍጥነት ያደክማል፤ የመውደቅ ሥጋትንም ይጨምራል። ራሳቸው መጉረስ ለሚችሉ አባት ሁልጊዜ ማጉረስ ቀስ በቀስ ያን ችሎታ ሊያሳጣቸው ይችላል። ስለዚህ ትልቁ እርዳታ አንዳንድ ጊዜ አጠገባቸው ቆሞ በትዕግሥት መጠበቅ ነው።

ያለው ክፍተት

በአገራችን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሙያው ለአገራችን አዲስ በመሆኑ አገልግሎቱ በሁሉም ሆስፒታሎች አይገኝም። ክፍተቱ በምሩቃን ቁጥር ብቻ የሚሞላ አይደለም። ከፍተኛ ባለሙያ የሚፈጠረው በዓመታት ልምድና በቅርብ ክትትል በመሆኑ ምሩቃኑ በሙያቸው የሚቆዩበትና የሚያድጉበት የሥራ መደብ ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና ነርሶች የመውጫ ዝግጅቱን በከፊል ሊያግዙ ይችላሉ።

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት

ታካሚዎችና ቤተሰቦች የሚከተሉትን እንዲጠይቁ ይመከራል፦

1. በሆስፒታሉ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ወይም ሌላ የተሃድሶ አገልግሎት አለ? ከሌለ ወደየት ልንላክ እንችላለን?

2. ታካሚው ከአልጋ መነሣት፣ መልበስና መጸዳጃ መጠቀም መቻላቸው በባለሙያ ታይቷል?

3. የተከለከለ እንቅስቃሴ አለ? እስከ መቼ?

4. ምን ዓይነት መደገፊያ ያስፈልጋል? አጠቃቀሙንስ ማን ያሳየናል?

የቤቱን ደጃፍ፣ ደረጃ፣ አልጋና መጸዳጃ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለባለሙያው ማሳየት ጠቃሚ ነው። አረጋዊው በድንገት ግራ ከተጋቡ፣ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ወይም አንድ እጃቸው ከዛለ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

የሆስፒታል አገልግሎት ውጤት የሚለካው በዳኑ ሕመሞች ብዛት ብቻ አይደለም። አረጋውያን በየደጃፋቸው ቆመው እንግዳ መቀበል መቻላቸውም የዚያው ውጤት አካል ነው። ይህ እንዲሆን የባለሙያው ዕውቀት፣ የተቋሙ ዝግጅትና የቤተሰቡ ትዕግሥት ተባብረው መሥራት ይኖርባቸዋል።