የፍሪጅ አይጥ

በእኛ አገር፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ «ፍሪጄ ውስጥ አይጥ አለ» ብትል፣ ቡና ልትጠጣ የምትመጣ ጎረቤት አትኖርህም። አውሮፓና አሜሪካ ግን እባብ ለሚያሳድግ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው፦ በረዶ የሆነውን አይጥ ከፍሪዘር አውጥቶ ማታውን ፍሪጅ ውስጥ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ በፕላስቲክ አሽጎ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ሆዱ ውስጥ በረዶ እንዳልቀረ በጣቱ ጫን ብሎ ያያል፤ ከዚያ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ እባቡ ፊት ወዝወዝ ያደርግለታል። ማይክሮዌቭ አይሆንም፣ ይፈነዳላ! በሕይወት ያለ አይጥ የማይሰጠውም እባቡን እንዳይነክስበት ነው። ከእነዚህ ቀለብተኛ እባቦች አንዱ የእኛው አገር ልጅ ነው፦ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ቦህመ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው የተራራ እፉኝት፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ ፓርቪኦኩላ፣ ዓይነ ትንሹ እንደማለት። እዚያ ሞቆ የቀረበለትን ይውጣል፤ እዚህ ቡና ለቀማ ላይ ብቅ ካለ የሚጠብቀው ገጀራ ነው። ገዳዩን አልወቅስም፣ የእፉኝት መርዝ ቀልድ አይደለም፤ ጤና ጣቢያውም ከማሳው ሩቅ ነው። የማይዋጥልኝ ሌላው ነው። መርዝ የሌለውን፣ ጎተራ ሥር አይጥ እያሳደደ የሚኖረውን ቡናማውን የቤት እባብ ሳይቀር ጨፍጭፈን ስናበቃ፣ እጃችንን ታጥበን ሱቅ እንሄድና የአይጥ መርዝ እንገዛለን። ያንን የበላችውን አይጥ ደግሞ ድመታችን ትበላታለች።