«ክሬሜ ላይ ‹አልኮል› የሚል አንብቤ ደነገጥኩ»

ከመካነ ሰላም የተላከልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጠያቂዬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ኒካዋ ሊታሰር ሁለት ወር ቀርቶታል። «ስሜ እንዳይወጣ አደራ» ብላለች፤ አይወጣም። ከደሴ ያስመጣችው የፊት ክሬም ካርቶን ላይ «ሴቴአሪል አልኮል» የሚል አነበበች። ጓደኛዋ ደግሞ «ይሄን ተቀብተሽ እንዴት ትሰግጃለሽ?» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ክሬሙን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።

አብሽሪ እህቴ! ስሙ ነው እንጂ ነገሩ አረቄ አይደለም። ኬሚስቶች «አልኮል» የሚሉት ትልቅ ቤተሰብ ነው። አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል አንዱ ልጅ ነው፤ ያንቺው ሌላ ነው። ነጭ፣ ሰም የመሰለ ጠጣር ነገር ነው። አያሰክርም፣ ቆዳም አያደርቅም። ብዙውን ጊዜ ከፓልም ወይም ከኮኮናት ዘይት ይሠራል። የሸሪዓውን ብይን ለሼኮቻችሁ እተዋለሁ፤ የኬሚስትሪው መልስ ግን ይሄ ነው። ጓደኛሽ መጠየቅ የነበረባት ይልቅ ስለ «ግሊሰሪል ስቴአሬት» ነበር፤ እሱ ከአትክልትም ከእንስሳ ስብም ሊወጣ ይችላል፣ ካርቶኑም የቱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይናገርም።

ታዲያ ክሬም ውስጥ ምን ይሠራል? ውሃና ዘይት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረሽ ብትንጪው፣ ትንሽ ቆይቶ መለያየቱ አይቀርም። አስታራቂ ሽማግሌ ይፈልጋል። ሽማግሌው ኢመልሲፋየር ይባላል፤ በአንድ ጫፉ ውሃን፣ በሌላው ዘይትን ይይዛል። ያንቺ ሴቴአሪል ብቻውን ደካማ ሽማግሌ ነው፤ ከሌላ ጋር ሆኖ ነው ክሬሙን የሚያወፍረውና የሚያጸናው።

ለወሎ ልጅ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። እናትሽ አናትሽ ላይ የምታደርግልሽ ለጋ ቅቤ ራሱ እንዲህ ያለ ድብልቅ ነው። የፋብሪካው ቅቤ ከመቶ 16 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ የቤቱም ውሃ አያጣም፣ ሲነጠር የሚንጣጣው እሱ ነው። ባና የሚሠራበት የበግ ጠጉር ላይም ላኖሊን የሚባል ቅባት አለ፤ ፋብሪካዎች አጥበው ያወጡትና ለክሬም ያውሉታል። ላኖሊን የማይስማማው ሰው ግን አለ።

ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቁጡው ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ነው። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 «ኤኩየስ ክሬም» የሚባለው ቅባት ችፌ ያለባቸው ልጆች ላይ ሳይታጠብ ሲቀር ሊያቃጥልና ሊያሳክክ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ውስጡ የነበረው ይሄ ሰልፌት 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው! ስለዚህ ችፌ ያለበት ሰው ተቀብቶት በሚውለው ክሬም ላይ ይህን ስም ካየ ይተወው። አንቺም አዲስ ክሬም ስትገዢ መጀመሪያ ክንድሽ ላይ ጠዋትና ማታ ለሳምንት ያህል ሞክሪው፤ ካላሳከከሽ ፊትሽን ቀቢ።

አሁን እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት መስመር። «ክሬሙን ከቆለፍኩበት ወዲህ፣ ለሠርጌ እንድቀላ ብዬ ከአራት ወር በፊት የጀመርኩትን ክሎቤታሶል ብቻ ነው ማታ ማታ የምቀባው» ትያለሽ። ወይ ጉድ! የማይጎዳሽን ቆልፈሽ የሚጎዳሽን ይዘሻል። ክሎቤታሶል የውበት ቅባት አይደለም፤ ከስቴሮይድ ፖማታዎች ሁሉ ኃይለኛው ነው፣ ሐኪም ሲያዝም በአብዛኛው ከሁለት ሳምንት እንዳያልፍ፣ ፊትም እንዳይነካ ብሎ ነው። መጀመሪያ ያቀላል፣ ያለሰልሳል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል፣ ብጉርና ጠጉር ያወጣል። በድንገት ሲተውት ደግሞ ፊት ፍም መስሎ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ ይሄኔ ነው ብዙዎቹ ደንግጠው ተመልሰው የሚቀቡት።

ስለዚህ ሠርጉን ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት መካነ ሰላም ሆስፒታል ሂጂ። ፖማታውን ይዘሽ አሳያቸው፣ አራቱን ወርም አትደብቂ። እንዴት እንደምትተዪው ሐኪሙ ይነግርሻል። እስከዚያው ፊትሽን ከፀሐይ በነጠላሽ ከልዪ፤ ሌላ የሚያቀላ ነገርም እንዳትደርቢበት።