የተለቀመው ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?

ጽዳት የሥልጣኔ መጀመሪያ ነው ሲባል እየሰማን አድገናል። ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶች መጥረጊያ የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ እናስታውስ፤ ላረፈደና ለረበሸ ተማሪ ነው። ጽዳትን በአንደበታችን እያመሰገንን በሥራችን ቅጣት አድርገነዋል። እንዲህ ያደገ ልጅ ኋላ ሹም ሲሆን ቆሻሻ ማንሣት የዝቅተኛ ሰው ሥራ ቢመስለው አያስደንቅም።

ስለዚህ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ወጥተው የሰፈራቸውን ቆሻሻ መልቀማቸውን እንደግፋለን። ድጋፋችን ግን ያለ ውል አይደለም።

ካማሺን በምሳሌነት እንውሰድ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአባይ በስተደቡብ ያለች የዞን ከተማ ናት። በዚያ አገር የክረምቱ ዝናብ ኃይለኛ ስለ ሆነ በመንገድ የተጣለውን ፌስታል ጠርጎ ወደ ጅረት፣ ከጅረትም ወደ ወንዝ ያወርደዋል። በዞኑ የጉሙዝ፣ የኦሮሞ፣ የአማራ፣ የበርታና የሺናሻ ልጆች ይኖራሉ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የዞኑ ሹማምንት ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ በተከታዮቹ ዓመታትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። የነዚህ ወላጆች ልጆች አንድ ጆንያ በጋራ ይዘው አንድ መንገድ ቢያጸዱ፣ ጥቅሙ ከመንገዱ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ትምህርቱ ለተቋረጠበት ልጅ እያንዳንዷ የትምህርት ሰዓት ውድ ናት። ከንባብና ከሒሳብ ተቀንሳ ለእንግዳ አቀባበል አደባባይ ማሳመሪያ መሆን የለባትም። የተሰበረ ጠርሙስና የተጣለ መርፌም የልጅ እጅ ሊነካው አይገባም፤ እሱ የአዋቂና የጓንት ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የተለቀመው ወዴት ይሄዳል? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። ቆሻሻ ከዓይን ስለ ራቀ አይጠፋም፤ ሌላ ድኻ ደጃፍ ላይ ይከመራል እንጂ። ሕግም ብቻውን አያነሣውም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ ግን ከገበያ ሳይጠፋ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ ሌላ አዋጅ ማጽደቅ አስፈልጎታል።

ልጆቹ ቅዳሜ ያጸዱት መንገድ ሰኞ ተመልሶ ቢቆሽሽ የሚማሩት ትምህርት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ድካም ከንቱ መሆኑን ነው። ይህን የተማረ ልጅ ዳግመኛ አይጎነበስም።

በሩዋንዳ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ኡሙጋንዳ በሚባለው የጋራ ሥራ የሚወጣው ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሹሙም ነጋዴውም አብሮ ይወጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የእኛው ተረት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በየማዘጋጃ ቤቱ የተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፣ ተማሪዎችን ለጽዳት ከመጥራታችሁ በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር፣ ጋሪው ይዘጋጅ፣ ቆሻሻው የሚነሣበት ቀን ይወሰን። በዚያም ቀን እናንተው ቀድማችሁ ተገኙ። እናንተም ተማሪዎች፣ የለቀማችሁት የት እንደ ደረሰ በትሕትና ጠይቁ፤ መጠየቃችሁ ድፍረት አይደለም፣ የሥራው ክፍል ነው።